የታምራት መኪና መብራት

ሰው የሌለባት መኪና የዝናብ መጥረጊያዋን ማወዛወዝ ስትጀምር ነው አደጋ ላይ መሆናችን የገባኝ። ያን ጊዜ ገና ልጅ እግር ነበርኩ፤ ሜሮንን ከወለድኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ነገሩን የረሳሁት መስሎኝ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ያቺው ሜሮን፣ አድጋ እሷ መሪ ጨብጣ እኔን ከጎኗ አስቀምጣ፣ ከኦሬንጅ ፋርም ወደ ከተማ ስንመለስ ከፊታችን አንድ ሞተር ሆም ይሄድ ነበር። መኝታም ማብሰያም ያለው፣ ፈረንጆቹ ለዕረፍት ባሕር ደርሰው የሚመለሱበት ቤት መሳይ መኪና ነው። ከኋላው ትንሽ መኪና በብረት አስሮ ይጎትታል። ሰማዩ ጠቁሮ ማካፋት ጀምሯል። መንገዱ ሲታጠፍ ጎን ለጎን ሆንንና ወደ ትንሿ መኪና ውስጥ አየሁ። መሪው ብቻውን ይዞራል። የበሩን እጀታ ጨበጥኩ።

"ማሚ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ።

"እለፊው" አልኳት። "ዝም ብለሽ እለፊው።"

ሞተር ሆም እኛም ነበረን፤ ለዕረፍት ግን አይደለም። በስደት በመጣንበት በዚህ አገር፣ ቶኮዛ በምትባል ሰፈር ዱቄት፣ ዳቦ፣ ሳሙናና የስልክ ካርድ የምንሸጥባት ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነበረችን። ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ሰዉ ስምህን እየጠራ አብሮህ ሲስቅ ይከርምና አንድ ቀን በመጤ ላይ ወሬ ይነሳል፣ የሱቅህ በር ይሰበራል። ባለቤቴ ካሳ ይህን ሲፈራ ከአንድ ነጭ ሽማግሌ ያረጀች ሞተር ሆም ገዝቶ ጓሮ አቆመና እሷ ውስጥ ማደር ጀመርን። "ሱቁን ቢወስዱት ቤቴን አይወስዱትም፤ ጎማ አለው" ይል ነበር። ቤቲቱ እንላታለን። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ጆሮ ያደነቁራል። ከኋላ በኩል መኝታ የሚሆን ረጅም መቀመጫ አላት፣ ከበላዩ ሰፊ መስኮት፣ ከጎኑ ደግሞ ምድጃውና የጋዙ ሲሊንደር።

ታምራት የካሳ አብሮ አደግ ነበር፤ ሁለቱም የኮምቦልቻ ልጆች ናቸው። የእሱ ሱቅ ጻካኔ የሚባል ሌላ ሰፈር ነበር። በጣም ረጅም ስለሆነ የመኪናውን ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍቶ ነው የሚነዳው። እሁድ እሁድ እኛ ጋ ሲመጣ ማግዊኛ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ዳቦ በከረጢት ይዞ ይመጣል፤ ሚጥሚጣ ነስንሶበት፣ ጣቱን እየላሰ፣ ካሳን "እንዴት ነህ ባለ ቪላው?" እያለ ይተርበዋል። ሜሮን ከማንም በፊት ስሙን የጠራችው እሱን ነው። አባቷ በዚህ ቀንቶ ነበር።

ታምራትን የገደሉት በዝናብ ነው። የዚህ አገር ዝናብ በእኛ በጋ ነው የሚወርደው፤ ቀኑን ሙሉ ያቃጥልና ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንደ ድስት ክዳን ይደፋል። ታምራት ከጅምላ መደብር ዕቃ ጭኖ መጣ። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ እየበራ፣ መጥረጊያው እየተወዛወዘ፣ የግቢውን በር ሊከፍት ወረደ። እዚያው በሩ ላይ ተኮሱበት። ጎረቤት ሲወጣ ሌቦቹ ምንም ሳይወስዱ ሮጡ። አንዲት የጎረቤት ሴት እጇን በመስኮት አስገብታ ሞተሩን አጠፋች፤ ሌላውን ማን ልብ ይበል። ሬሳውን እድራችን ወደ አገሩ ላከ። መኪናዋን ሰዎች ገፍተው ግቢ አስገቧት፤ እዚያው ቀረች።

እናቱ በስልክ አንድ ነገር ብቻ ለመኑን። "አርባው ሳይወጣ ልጄ የጨበጠውን መሪ ማንም እንዳይጨብጥብኝ። እጁ ያረፈበትን አትንኩ። እንደተወው ይቆየኝ።" ይህ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይደለም፤ ቄሱን ጠይቀን የለም ብለውናል። ግን ልጇን በሣጥን ከተቀበለች እናት ጋር ማን ይከራከራል? እሺ አልን።

አርባው ሳይደርስ የግቢው ባለቤት አዲስ ተከራይ አገኘሁና መኪናዋን አንሱልኝ አለ። ነድቶ ማምጣት አይቻልም፤ የእናት ቃል አለ። ጎታች ቢጠራ ሠራተኛው ዘው ብሎ ገብቶ መሪ ይይዛል። ካሳ ሲያስብ አደረና በቤቲቱ ወደ እኛ ጓሮ እንጎትታታለን አለ። እኔም ሜሮንን ይዤ ከቶኮዛ ወደ ጻካኔ አብሬው ሄድኩ፤ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን መዋል ከታምራት ወዲህ ያስፈራኝ ነበር።

ካሳ ደሴ እያለ ጋራዥ ውስጥ ከመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋር ሠርቷል። የመጎተቻውን ብረት አሰረና ወደ መብራቱ ዞረ። ትንሿ መኪና ከኋላ ስትሆን የቤቲቱን መብራት ትሸፍናለች፤ ስለዚህ እሱ ፍሬን ሲይዝ ከኋላ የሚመጣው ሰው እንዲያይ የታምራት መኪና መብራቶች ራሳቸው መብራት አለባቸው። ከቤቲቱ የኋላ መብራት ሽቦ ቀጥሎ፣ በመቀመጫው ሥር አሳልፎ፣ በቀዳዳ አውጥቶ ከትንሿ መኪና የኋላ መብራቶች ጋር አገናኘው። እኔ ከኋላ ቆሜ እነግረዋለሁ። ቀኝ ሲል በራ፣ ግራ ሲል በራ፣ ፍሬን ሲል በራ። የማታውን መብራት ሲሞክር ግን ፊውዙ ተቃጠለ። ሌላ ከተተ፤ እሱም ተቃጠለ። በሦስተኛው ተናደደና ፊውዙን በሲጋራ የብር ወረቀት ጠቀለለው። በራ። "አየሽ፣ የኮምቦልቻ ልጅ አይሸነፍም" አለኝ።

በመጨረሻ መሪው ታስሮ እንዳይቀር እጁን በመስኮት ሰደደና ቁልፉን አንድ ጊዜ አዞረ። "እማማ ይቅር ይበሉኝ" አለ። ሌላ ምንም አልነካም። የታምራት ጃኬት በወንበሩ መደገፊያ ላይ እንደተሰቀለ ነበር። ባትሪዋ ከሞተ ስለቆየ መኪናዋ ድምፅም ብርሃንም አልነበራትም። በድን ነበረች።

"ከኋላ ተቀመጪና ዓይንሽ ከእሷ አይነሳ" አለኝ። ሜሮን መቀመጫው ላይ ተኛች፤ እኔ በመስኮቱ የታምራትን መኪና እያየሁ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ካሳ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የታምራት መሪ በዝግታ ወደ ቀኝ ይዞራል። ቀና ሲል ቀና ይላል። ማንም የለም፤ መሪው ግን እጅ እንዳለበት ይታጠፋል፣ ይመለሳል። ጃኬቱ ትከሻ መሰለኝ። ዞር ልል አሰብኩ፤ ዞር ካልኩ ደግሞ የሚቀርብ መሰለኝ።

ብራክፓንን አልፈን ትልቁን መንገድ ስንይዝ ከበስተ ደቡብ ደመናው መጣ። ከወርቅ ጉድጓድ የወጣው የአፈር ክምር፣ ያ ቢጫ ተራራ፣ መጀመሪያ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። እርጥብ አፈር ሸተተኝ። ገና በቀን ጨለመ። ካሳ የቤቲቱን መብራት አበራ።

የታምራት መኪና ዓይኗን ገለጠች።

የፊት መብራቶቿ ደብዛዛ ቢጫ ሆነው በሩ። ከመሪው በስተ ኋላ አረንጓዴ ብርሃን መጣና ጃኬቱን ከሥር አበራው። ከዚያ መጥረጊያዎቹ ተነሱ፤ ቀስ፣ ቀስ፣ እንደ ታመመ ሰው ክንድ። ዝናቡ ገና አልጀመረም፤ ደረቁን መስታወት ይጠርጋሉ። ሰውየው ሲወርድ እንደተዋት ሆና ነበር የነቃችው። ያ ቀን ያላለፈ፣ እሱም በር ሊከፍት ወርዶ እስኪመለስ የምትጠብቀው ይመስል።

በስመ አብ አልኩ። መጋረጃውን ልስብ እጄን ዘረጋሁ፤ እጄ እንቢ አለኝ። ከአፌ የወጣው "ታምራት፣ ምን በደልንህ?" የሚል ነው። ይህን ስል በረዶው ወረደ። ቆርቆሮው ላይ እንደ ጠጠር ሲፈስ የራሴን ድምፅ አልሰማሁትም። መጥረጊያዎቹ እየተወዛወዙ ሳለ የሚቃጠል ላስቲክ ሸተተኝ። መጀመሪያ ከዚያች መኪና የመጣ መሰለኝ። ቁልቁል ሳይ ግን ጭሱ የሚወጣው ሜሮን ከተኛችበት መቀመጫ ሥር ነው።

ካሳን ጠራሁት፤ አልሰማም። ልጄን ነጠቅ አድርጌ እቅፌ ውስጥ ከተትኩና፣ የጋዙን ሲሊንደር በጉልበቴ እየገጨሁ፣ ወድቄ ተነስቼ እሱ ጋ ደረስኩ።

"ከኋላ እየተቃጠልን ነው። ቁም!"

"እዚህ?" አለ። ከዝናቡ ዓይኑን አልነቀለም። "እዚህ የቆመ ሰው ምን እንደሚሆን አጥተሽው ነው? ማደያው ቅርብ ነው።"

"ጋዙ ሥር ነው ጭሱ። አንደርስም። መብራቱን አጥፋ።"

"ጥሩዬ፣ መብራት አጥፍቼማ ከኋላ ያለው ከባድ መኪና ይደፈጥጠናል።"

"አንተ ስታበራ ነው እሷ የተነሳችው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። አጥፋው ካሳ። እኔ ከኋላ አበራለሁ።"

እንዴት እንዳልኩት አላውቅም። ሽቦ ምን እንደሚሠራ አላውቅም ነበር፤ ያየሁትን ብቻ ነው የተናገርኩት። ሜሮንን እንደዚህ አገር ሴቶች በብርድ ልብስ ጀርባዬ ላይ አሰርኳት። ሱቅ መብራት ሲጠፋብን የምንጠቀምበትን ትልቁን የእጅ ባትሪ አንስቼ ወደ ጭሱ ተመለስኩ። ካሳ አጠፋው።

መጥረጊያዎቹ መስታወቱ መሃል ላይ ቀጥ አሉ። አረንጓዴው ብርሃን ጠፋ። የልጄን መታጠቢያ ውሃ በመቀመጫው ሥር ደፋሁትና ቸስ አለ። መስኮቱን ከፍቼ ባትሪውን በሁለት እጄ አወጣሁ፤ በረዶው ጣቶቼን ይቀጠቅጣል። ብርሃኑ በታምራት መኪና ጣሪያ ላይ እንዲያልፍ ከፍ ላደርግ ስሞክር እየከበደኝ ይወርድና ውስጧን ያሳየኛል። ወደ ኋላ የተገፋው ወንበር። ጃኬቱ። መሪው፣ ቀስ ብሎ ሲዞር።

ከእሷ ወዲያ ሁለት ነጭ መብራቶች እያደጉ መጡ። የከባድ መኪና ጥሩንባ ሰማሁ፤ በበረዶው ውስጥም ሰማሁት። ባትሪውን ግራና ቀኝ አወዛወዝኩ። ያኔ መፍራቴን ትቼ፣ እንደ ሕያው ሰው፣ "ታምራት፣ ከኋላችን ሁንልን፤ ልጅቷን ጠብቃት" አልኩት። መብራቶቹ ቀረቡ፣ ቀረቡ፣ ከዚያ ወደ ጎን ተንሸራትተው አለፉን። ውሃው ፊቴ ላይ ተረጨ። ሜሮን ጀርባዬ ላይ ታለቅሳለች፤ እስክታለቅስ መንቃቷን አላወቅሁም ነበር።

ካሳ ወደ ማደያው ታጠፈና ሰፊው ጣሪያ ሥር ቆመ። የበረዶው ድምፅ በአንድ ጊዜ ቀረ። አንዲት የማደያው ሠራተኛ በሩን ከፈተችና ጭሱን አይታ፣ "ሲሲ፣ እህቴ፣ ልጁን ስጪኝ" ብላ ሜሮንን ከጀርባዬ ፈታች። ካሳ ሽቦውን በቢላ ቆረጠው። በመቀመጫው ሥር ያለፈበት ሁሉ ላስቲኩ ቀልጦ መዳቡ ወጥቷል፤ እንጨቱ ከስሏል። ፊውዙ ተቃጥሎ ሊያድነን ነበር፤ እኛ በብር ወረቀት አፉን ዘጋነው። የታምራት የመብራትና የመጥረጊያ ማብሪያ እንደበራ፣ ቁልፉም እንደዞረ ስለነበር የእኛ ኤሌክትሪክ በኋላ መብራቱ ገብቶ ወደ ፊት ወጣና መላ መኪናዋን ሊሸከም ሞከረ። ይህን ያስረዳኝ ካሳ ነው።

"መግባት አለብኝ" አለኝ። "እንደበራ ከተውኩት ሌላ ሰው ይገድላል።"

የታምራትን እናት አስታወስኩ። ግን በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ካሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ እግሩ ፔዳሉ ጋ አልደረሰም። መጀመሪያ መጥረጊያውን፣ ቀጥሎ መብራቱን አጠፋ። መሪውን በመዳፉ ነካ አደረገው።

"በቃ ታሜ" አለ። "በሩ ተከፍቷል። ገብተሃል።"

ከዚያ አለቀሰ። ሬሳው ከተላከበት ዕለት ጀምሮ አላለቀሰም ነበር።

በማግስቱ ለታምራት እናት ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አልደበቅሁም። "እስከዚያ ድረስ እየበራ ነበር?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። "ማን አጠፋለት?" ካሳ ነው አልኩ። "እጁ ይባረክ" አሉ።

ይህን ሁሉ ለሜሮን ቅዳሜ ዕለት ነው የነገርኳት፤ እሷ እየነዳች። የኤሌክትሪኩን ነገር ከእኔ ይልቅ ቶሎ ገባት። ጥያቄዋ ሌላ ነበር፤ ታምራት ነበረ ወይስ አልነበረም አለችኝ። አላውቅም። ካሳ ሽቦ ነው ይላል፤ ሽቦ እንደሆነም አምናለሁ። እኔ የማውቀው ሟች እንደተወው ይቆይ ብሎ የያዘ ሰው አንዳንዴ ሐዘኑን ሳያጠፋ እንደሚተው፣ ያም ሐዘን ሕያዋን ከተኙበት ሥር እንደሚያልፍ ነው። ያን ቀን ግን ማደያው ጣሪያ ሥር ይህን ሁሉ አላሰብኩም። ልጄን ከዚያች ሴት እጅ ተቀበልኩ፣ ራሷን አሸተትኩ፤ ጭስ ጭስ ትላለች። አልተቃጠለችም። ካሳም ቆሟል። "ድነናል" አልኩ፤ ለማን እንዳልኩት እንጃ። ድነን ነበር።