ጓሮዬ ድንኳን የተተከለ ዕለት

ደብረ ማርቆስ ላይ የሴቶች ፀጉር ቤት የከፈተ ሰው ከጥቅምት እስከ ጥር የሚሰማው ወሬ አንድ ነው፤ ብርዱ። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጠችውም፣ ሹሩባ የምትሠራውም፣ ተራ የምትጠብቀውም ስለ ብርድ ታወራለች። እኔም እያበጠርኩ «ኧረ የዘንድሮውስ ባሰ!» እላለሁ። በየዓመቱ ነው የምለው።

አንድ ቀን ታዲያ ለእህቷ ሠርግ አዲስ አበባ ከርማ የመጣች ደንበኛዬ፣ ገና ወንበሩ ላይ ከመቀመጧ፣ «ሙሽራዋን ሳውና አስገቧት። ስትወጣ ብታያት ፊቷ ፍክት ብሎ! አንቺስ መቼ ነው የምታስገቢልን?» አለችኝ። ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ አንድ ሐሳብ ጭንቅላቴ ከገባ እህል አያስበላኝም። ያን ዕለት ከሰዓት ጥቁር ቀለም የፈለገችውን ሴት ቡኒ ቀብቼ ላኳት። ደግነቱ ወደደችው።

ደንበኛ ሲቀንስ ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ሳውና የሚሉት የእንፋሎት መታጠኛ ለካ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ተጣጣፊ ድንኳን ነው፤ ቁም ሣጥን የምታክል፣ ከውስጥ ብርማ ጨርቅ የለበሰች። ሰው ገብቶ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ዚፑ ይዘጋል፣ ጭንቅላቱ ብቻ በላይ በኩል ብቅ ይላል። ከጎን ካለች የኤሌክትሪክ ማሰሮ እንፋሎቱ በቱቦ ይገባል። ሲያበቃ ድንኳኗ ታጥፋ አልጋ ሥር ትከተታለች። ሁለተኛው የእንጨት ክፍል ነው፤ ግድግዳውም ጣሪያውም ሳንቃ፣ መሐሉ ላይ ምድጃ፣ ምድጃው ላይ የጋለ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ ውሃ ጠብ ይደረጋል። አራት አምስት ሴት ጎን ለጎን ተቀምጣ እያላባት ታወራለች። የእንጨቱን ፎቶ ሳይ ልቤ ዘለለ። ግን ድንኳኗ በሳምንት ትደርሳለች፤ እንጨቱ አናጢ ይፈልጋል፣ ደረቅ ሳንቃ ይፈልጋል፣ ትዕግሥት ይፈልጋል። ትዕግሥት ደግሞ እኔ ቤት ኖሮ አያውቅም።

አናጢስ ነበረኝ። አባቴ ናቸው። ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ ካለች መንደር፣ ዕድሜ ልካቸውን ሞፈርና ቀንበር ሲጠርቡ፣ የቤተ ክርስቲያን በር ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። ክረምቱ ላይ ሳላቸው ሲጠና ጎትቼ እኔ ዘንድ አመጣኋቸው። ሐኪሙም ደረትዎ ያን ብርድ አይችልም አላቸው። እሳቸው ግን የሚፈሩት ብርዱን አይደለም። በየሳምንቱ «ሐሙስ እሄዳለሁ» ይላሉ።

«እዚያ ማን አለዎት?» እላለሁ።

«ቀባሪ አለኛ! እዚህ ብሞት ማን ያውቀኛል? አንቺና ያቺ ሹሩባ ሠሪሽ ተሸክማችሁ ልትወስዱኝ ነው?»

እውነታቸውን ነው። እድር የሚቀብረው አባሉን ነው፤ እሳቸው እዚህ እንግዳ ናቸው። ያም ሆኖ ጮቄ ሥር፣ እሳት የሚያነድላቸው በሌለበት ቤት፣ ብቻቸውን ሲያስሉ ይታየኛል። እንዲቀሩልኝ ከፀጉር ቤቱም ከሳውናውም በላይ እፈልግ ነበር። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ። እሳቸው ሐሙስ ሲደርስ ሳላቸው ይነሳና ለቀጣዩ ሐሙስ ያስተላልፉታል።

የሳውናውን ነገር ባማክራቸው የድንኳኗን ፎቶ አይተው፣ «ይሄማ እናትሽ ባሕር ዛፍ ቀቅላ፣ በጋቢ ሸፍና ስታጥነን የነበረው ነው» አሉ። የእንጨቱን ሳሳያቸው ግን ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። አራቁት፣ አቀረቡት።

«እንጨት መሆን አለበት» አሉ በመጨረሻ። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ። ደህና የደረቀ ጥድ ቢገኝ እኔው እገጥምልሽ ነበር።»

«ታዲያ ይግጠሙልኛ!»

«ሐሙስ እሄዳለሁ እኮ ልጄ።»

ብው አልኩ። ሥራ ከያዙልኝ ይቆያሉ ብዬ ነበር ለካ ሳላውቀው ተስፋ ያደረግኩት። በንዴት እዚያው ቆሜ ድንኳኗን አዘዝኩ።

ማክሰኞ ዕለት ከአዲስ አበባ በሚኒባስ መጣች። ቦርሳውን ስከፍተው የታጠፈው ሽቦ ተፈናጥሮ፣ ድንኳኗ ሳሎኑ መሐል ብድግ ብላ ቆመች። አባቴ «በስመ አብ!» ብለው ዱላቸውን አነሡ። እኔ ግን በደስታ ማሰሮዋን ሰካሁ፣ ገባሁ፣ ዚፑን እስከ አንገቴ ዘጋሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ እግሬን ሞቅ አለኝ፤ ከዚያ ጉልበቴን፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ መቆም ያደነደነው ወገቤ እንደ ቅቤ ቀለጠ። እንዲያ ያለ ሙቀት ከተወለድኩ አላውቅም። «አባዬ! አባዬ ገነት ነው!» እያልኩ እጮኻለሁ።

ቀና ብዬ ሳያቸው እየሳቁ ነው። «ጥቅል ጎመን መሰልሽ እኮ!» አሉና ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ እንዲያ ሲስቁ አላየሁም። ሳቃቸውን ሲጨርሱ እንፋሎቷን በመዳፋቸው ሞከሩና «ከእጅ አይሻል ዶማ» ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ዕለቱ የማርያም ነበርና እዚያው ግቢዬ ያለውን ፀጉር ቤት አልከፈትኩም። አባቴ ጎሕ ሲቀድ ለቅዳሴ ሄዱ። ድንኳኗ ከውስጥ እንደረጠበች ስላደረች ጓሮ አውጥቼ ፀሐይ ላይ ልተክላት አልኩ። መሬቱ አቧራ ስለሆነ አሮጌ ጠረጴዛ ላይ አቆምኳት። ቤቱን ቆልፌ እንፋሎቱ ውስጥ የሚጨመር ጦስኝ ልገዛ ገበያ ወረድኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ እኔ ገና ማፍሰሴ ነበር።

ጦስኙን እየተከራከርኩ ሳለ ከሩቅ የእድር ጥሩምባ ተነፋ። ሻጯ «ውይ፣ የማን ቤት ይሆን?» አለች። «ነፍስ ይማር፤ ያጥናቸው» አልኩና ክርክሬን ቀጠልኩ። አስጨምሬም መጣሁ።

ሰፈሬ ስደርስ በሬ ላይ ጋሪ ቆሟል። ሁለት ሰዎች የእድሩን አግዳሚ ወንበር ያወርዳሉ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በክፍቱ የውጭ በር ይገባሉ። ቅዳሴ ላይ ወድቀው ነው፣ ሳሉ ገደላቸው፣ ሰው አምጥቷቸው እኔ ገበያ ለገበያ ስዞር… ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩ። ጦስኙን በትኜ «አባዬን! አባዬን!» እያልኩ ገባሁ። ሴቶቹ ተረባርበው ያዙኝ። አንዷ ደረቷን እየደቃች ሙሾ ታወርዳለች፤ «በሬን የጠገነው፣ ያ እጀ ወርቁ» ትላለች። እውነትም ባለፈው ወር አባቴ በሯን አቃንተውላት ነበር። ይህን ስሰማ ይብስ አበድኩ።

በዚህ መሐል ከበሩ በኩል የሽማግሌ ድምፅ «ልጄን! ወይኔ ልጄን!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ዞርን። አባቴ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቤታችን ለቅሶ ሲያዩ፣ ያለነው ሁለታችን ብቻ ስለሆንን፣ እኔ የሞትኩ መስሏቸው ነው። ዱላቸው ወድቋል። እኔ ሳያቸው እሪ አልኩ፤ እሳቸው ሲያዩኝ መሬት ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ ሙሾ አውራጇ እጇን ደረቷ ላይ እንደያዘች «እልልል!» አለች።

ነገሩ የተገለጠው ቀስ በቀስ ነው። የጎረቤቴ ሴትዮ ጠዋት በአጥሩ ላይ ድንኳን ብቅ ብሎ አየች። እኛ አገር ግቢ ውስጥ ድንኳን ከቆመ ወይ ሠርግ ነው ወይ ለቅሶ። የሚዳር እንደሌለኝ ሰፈሩ ያውቃል፤ የሚያስሉ አባት እንዳሉኝም ያውቃል። ቤቱን ብታንኳኳ ተቆልፏል፤ በየጠዋቱ የምትሰማው ሳልም የለም። አስከሬኑ ሆስፒታል ነው ያለው ብላ በሩጫ ለእድሩ ዳኛ ነገረች።

«እኔስ የእድሩን ድንኳን ሳይጠብቁ ምን አስቸኮላቸው ብዬ ነበር» አሉ ዳኛው፣ ጠረጴዛው ላይ የቆመችውን እየዞሩ እያዩ። «ደግሞስ ይህች ማንን ታስጠልላለች? ይሄው ትልቁን ይዘን መጣን።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ ዛሬም ብቻዬን እስቃለሁ። የለቅሶው ንፍሮ ተጥዶ ነበር፤ እንዳይበላሽ ተብሎ ወጣ። ሴቶቹ ምንድን ናት ይህች ነገር ብለው ከበቡኝ። ድንኳኗን ቤት አስገብቼ ማሰሮዋን ሰካሁ። ሙሾ አውራጇ ቀድማ ገባች፤ ያለቀሰችበት ፊቷ በላይ በኩል ወጥቶ «እሰይ! እሰይ!» ይላል። ሌላዋ ንፍሮ ታጎርሳታለች። ሦስተኛዋ «ውጪ እንጂ፣ ልትከርሚ ነው?» ትላታለች። ለአንድ ሰው የተሠራች ድንኳን ናትና ተራ ጠባቂው ኮሪደሩን ሞላ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ የማርቆስ ሴት ብቻዋን ተቀምጣ አይሞቃትም። እንጨቱ ነበር የሚያስፈልገኝ።

ወንዶቹ ጓሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አባቴ በመሐላቸው። ንፍሮውን በእፍኛቸው ይዘዋል። ከዳኛው ጋር ዝግ ብለው ሲነጋገሩ አየሁ። ሰዉ ሲበተን አጠገባቸው ሄድኩ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ለኔ ነው የመጣው?» አሉኝ።

«ለማን ይመጣል ታዲያ?»

«አያውቁኝም እኮ።»

«የበሩን አልሰሙም?»

«ሰማሁ» አሉ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። ስለዚህ ለመሄድ ልባቸው የቆረጠ መሰለኝ።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ገና በጠዋት ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው «እንግዲህ ሐሙስ ነው» አሉ። ዘንድሮ የለመድኩት ሳል እንኳ አልተነሳባቸውም። አልለመንኳቸውም፤ ደክሞኝ ነበር። በባጃጅ መናኸሪያ አድርሼ፣ የሮብ ገበያ ሚኒባስ ላይ አስቀምጬ፣ በደንብ ሳልሰናበት ፊቴን አዙሬ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ፤ የባጃጁ ልጅ ዘፈኑን ዘጋልኝ።

ዓርብና ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ ሰው በሰው ሆነ። ወሬው ከተማውን አዳርሶ «ያቺን የለቅሶ ድንኳን አሳዪን» የማትል ሴት የለችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በደስታ እበር ነበር። ያን ጊዜ ግን ሹሩባ ሠሪዋን «አንቺ አስገቢያቸው» ብዬ ጓሮ እወጣለሁ፤ ባዶውን አግዳሚ አያለሁ። እድሩ ወንበሩን ገና አልወሰደም ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በር ላይ መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ስወጣ ትንሽ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ከሹፌሩ ጎን አባቴ ተቀምጠዋል። ከላይ ሳንቃ ተጭኗል፤ ቀያይ፣ ወፍራም፣ የጥድ ሳንቃ። ሽታው ደጁን ሞላው።

ሳንቃዎቹን አወቅኳቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ ቆጥ ላይ ነበሩ። እንድንነካቸው አይፈቀድልንም ነበር። ለመንደሩ ሰው ሁሉ የሬሳ ሣጥን የሠሩት አባቴ፣ ማንም በጥሬ እንጨት ቸኩሎ እንዳይቀብራቸው ብለው ለራሳቸው ያደረቁት ጥድ ነው። እናቴ ስትሞት እንኳ ለእሷ ሌላ ገዙ እንጂ ከእሱ አልነኩም።

«አባዬ» አልኩ። «ይሄ እኮ የእርስዎ ነው።»

«የኔ ባይሆን አመጣው ነበር?»

«ለሣጥንዎ ያስቀመጡት ነው!»

«እዚህ እድሩ ሣጥኑንም ራሱ ይሰጣል» አሉ፣ ገመዱን እየፈቱ። «ያን ዕለት ዳኛውን ጠየቅኩት፤ ተመዘገብኩ። ታዲያ ሁለት ሣጥን ምን ያደርግልኛል? ይልቅ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይሙቅበት።»

ልስቅ ነው ልጮኽ ነው አላውቅም።

«አንድ ነገር ብቻ አለ» አሉ ቀጥለው፣ እንደ ቀላል ነገር። «አዲስ አባል ስድስት ወር ሳይሞላው ከሞተ እድሩ አይቀብርም፤ ደንብ ነው አለኝ። እሺ፣ እስከዚያ አልሞትም ብዬ ፈርሜያለሁ። በይ አሁን ያንን ጫፍ ያዢ።»

ሄጄ ያዝኩ። ከባድ ነበር፤ ሁለታችን አንሥተን ወደ ጓሮ ይዘነው ገባን።