አያ ታከለ ማይክሮስኮፕ ሲያዩ

ገንዳ ውሃ ከተማ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ እዚህ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው። የአያ ታከለ ልጅ ግን የወባ መድኃኒቷን ጨርሳም ድዷ መድማቱን አልተወም። ደሟን በማይክሮስኮፕ ባየው ነጭ ሴሎቿ ቅጥ አጥተዋል። የደም ካንሰር ጠረጠርሁ፤ ግን የትኛው ዓይነት? ቆሜ ስጨነቅ አባትየው “እስቲ እኔም ልየው” ብለው ድርቅ አሉ።

“አያ፣ ምን ይገባዎታል?”

“ዕድሜዬን ሙሉ ሰሊጥ ስመርጥ ነው የኖርሁ” አሉና ገፋ አድርገውኝ አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው አጎነበሱ። ቆዩ። በጣም ቆዩ።

“ይኸው! ነዶ ታስሯል።”

እየሳቅሁ አየሁ። እውነትም አንዱ ሴል ውስጥ ቀጫጭን ዘንጎች እንደ ሰሊጥ ነዶ ታስረው ቆመዋል! ሳቄን ዋጥ አድርጌ ጎንደር ላለች ሐኪም ጓደኛዬ ደወልሁ።

“እንደ ነዶ?” ብላ ጮኸች። “እሱማ ብዙ የማይገኘው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም! ጥሩ መድኃኒት አለው፤ ግን ብዙ ደም ሳይፈሳት ዛሬውኑ ላካት። የትኛው ስፔሻሊስት ነው ያየው?”

አያ ታከለ ስልኩን ከእጄ ነጠቁ።

“ገበሬ ነኝ፣ ዶክተር። የደረቀ የሰሊጥ ነዶ ፍሬው ስለሚረግፍ ቀን እንደማይሰጥ አውቃለሁ፤ ይኸው ተነሳን። እርስዎ ብቻ ይህን የላብራቶሪ ልጅ ትንሽ ያስተምሩልን።”