ከገበያ የወጣው ኩባንያና የእናቴ ዳንቴል

የሞቀ ፕላስቲክ፣ የተጠበሰ አቧራ፣ ከሥራቸው ደግሞ በስታርች የጠነከረ የጥጥ ክር፤ እነዚህ ሦስት ሽታዎች ተደባልቀው ከልጅነቴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍንጫዬ ውስጥ የገቡት ባለፈው ፋሲካ፣ ሞጣ፣ በእናቴ ሳሎን ውስጥ ነው። የታናሽ እህቴ ልጅ ናሆም ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣውን የጌም ማሽን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቶ፣ እግሩን ሶፋው ላይ አጣጥፎ፣ ስልኩን እያየ፣ በዓለም ላይ የጌም ማሽን ከሚሠሩት ጥቂት ኩባንያዎች የትኛው በቅርቡ ከገበያ እንደሚወጣ፣ በምትኩም የትኛው የስልክ ወይም የኮምፒውተር ነጋዴ እንደሚገባ ይተነትንልኝ ነበር። ለሚወጣው አራት ምክንያት፣ ለሚገባው አምስት ምክንያት ነበረው፤ ሁሉንም ያነበበው በዚያው ሳምንት ነው። እኔም እንደ ልማዴ ተቃወምኩት፤ ማን እንደሚወጣ ይታወቅ ይሆናል፣ ለምን እንደወጣ ግን ከውጭ የሚያይ ሰው አያውቅም አልኩት። ገበያ አጥንቼ አይደለም። አንድ ጌም ቤት ከገበያ ሲወጣ እቤት ውስጥ ስለነበርኩ ነው።

ቤቱ ቢቸና ነበር፤ ከመናኸሪያው ወደ ላይ ሲወጣ መንገድ ዳር የነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት። አባቴ የሒሳብ መምህር፣ እናቴ ያለምዘውድ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመቴን በያዝኩበት መስከረም አባቴ ወደ ሞጣ ተዛወረ፣ ጎረቤቱም ሁሉ እናቴ ዕቃዋን ጠቅልላ እንደምትከተለው አልተጠራጠረም፤ እሷ ግን የሽኝቱ ዕለት እንግዶች በተሰበሰቡበት፣ የወጥ ጭልፋ በእጇ እንደያዘች፣ «እኔ የመንግሥት ንብረት ነኝ እንዴ፣ በደብዳቤ የምዛወር?» አለች። ሰው ሳቀ፣ አባቴም አብሮ ሳቀ፤ በማግሥቱ ግን ሻንጣውን ይዞ ብቻውን አውቶብስ ተሳፈረ።

በዚያው ወር መርካቶ የሚሠራው ወንድሟ ሲዲ የሚጎርስ፣ ያገለገለ የጌም ማሽን ከሁለት ጆይስቲክ ጋር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ላከላት። የተሰፋ ልብስ ከአዲስ አበባ በመኪና እየተጫነ ስለሚመጣ የስፌት ሥራዋ ቀዝቅዞባት ነበር፤ ስለዚህ የልብስ ስፌት መኪናዋን ወደ ጓዳ አስገብታ፣ የፊት ለፊቱን ክፍል ጠርጋ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ደርድራ፣ በሩ ላይ በጠመኔ «ጌም አለ» ብላ ጻፈች። በከተማው የመጀመሪያው ጌም ቤት ይሁን አይሁን ምዬ አልናገርም። እሷ የራሷ ብላ የከፈተችው የመጀመሪያው ነገር ግን እሱ ነበር።

የእጅ ሰዓት ነበራት፣ ግን አታምነውም ነበር። ጨዋታውን የምትለካው በዳንቴል ነው። በሩ አጠገብ ተቀምጣ ኪሮሿን አንሥታ አንድ ረድፍ ስትጀምር ተጫዋቾቹም ይጀምራሉ፤ ረድፉ ሲያልቅ፣ አንዱ ባዶ ጎል ፊት ቆሞም ቢሆን፣ «በቃ!» ትልና ቀጣዮቹ ይነሣሉ።

«እትዬ ያለም፣ ዛሬ እጅዎ ፈጠነ!»

«አንተም እግርህ ይፍጠን!»

ክሩ ሲቋጠርባት እስክትፈታው ድረስ ጨዋታው ስለሚቀጥል ቤቱ በጭብጨባ ይናጥ ነበር። ሌላው ዓለም የባከነ ሰዓት የሚለውን እኛ ቋጠሮ እንለው ነበር።

በጋው ሲገባ፣ አዝመራው ተሰብስቦ የሠርጉና የበዓሉ ወራት ሲደርስ፣ ክፍሉ መቆሚያ አልነበረውም። ተማሪው ደብተሩን ብብቱ ሥር ወትፎ ይመጣል፣ የወረዳው ሠራተኛ ከቢሮ ሲወጣ ይመጣል፣ አንድ የቅኔ ተማሪ ደግሞ ፈጽሞ ሳይጫወት ከጀርባ ቆሞ የሁሉንም አጨዋወት በግእዝ ይሰድብ ነበር። ሰው በበዛ ቁጥር ረድፉ በዛ፣ ረድፉ በበዛ ቁጥርም ዳንቴሉ በዛ። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ለበሰ፣ ቀጥሎ ሬዲዮው፣ ቀጥሎ የአግዳሚዎቹ መደገፊያ፤ ጥር ላይ ተራው የማሽኑ ሆነ። እናቴ ሙያዋን ሁሉ ያፈሰሰችው እሱ ላይ ነው፤ ልክ እንደ ኮት ለክታ፣ ድርብ አድርጋ፣ ከውስጥ ገበር ጨምራ፣ በስታርች አጠንክራ፣ ለሲዲው መክደኛ ብቻ ባለ አዝራር መክፈቻ ትታ፣ ጠርዙ ጠረጴዛውን እስኪነካ ሰፋችለት። የደንበኛ እጅ እንዳያቆሽሸው በጨዋታ ጊዜም አይወልቅም ነበር።

አባቴ በወር አንድ ጊዜ ቅዳሜ ይመጣና እሑድ ይመለስ ነበር። ከሄደ በኋላ ትራሱ ላይ የጠመኔ ሽታ ስለሚቀር፣ እናቴ እስክታጥበው ድረስ ያንን ትራስ ለማንም አላስነካም ነበር። «እኛ መቼ ነው የምንሄደው?» ብዬ በጠየቅኋት ቁጥር «ጌሙን ለማን ትተን?» ትለኛለች፤ እኔም ያንን የለበሰ ዕቃ፣ እንደ እንጀራ አባት ማለት ይቀለኛል፣ በጎሪጥ ማየት ጀመርኩ።

በዐቢይ ጾም፣ የመጋቢት ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው፣ ማሽኑ ታመመ። አራት ረድፍ ያህል በደንብ ይሠራና ድንገት ኳሱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ በረኛው እጁን እንደዘረጋ ይደርቃል፤ ጥቂት ቆይቶ ሲነሣ ደግሞ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይደርቃል። ከደንበኞቹ ሁሉ ታማኙ ከድሬዳዋ ተመድቦ የመጣ ሙክታር የሚባል የጤና ጣቢያ ነርስ ነበር፤ አንድ ቀን መዳፉን ዳንቴሉ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነና «እትዬ ያለም፣ ይሄ ትኩሳት አለው። ከምግብ በኋላ አንድ አንድ ፓራሲታሞል» አለ። ቤቱ ሳቀ። በሽታውን በትክክል የነገረን ሰው እሱ ነበር፤ ግን እሱ ራሱ እየሳቀ ስለነበር ማንም አልሰማውም ብዬ ለብዙ ዓመት አምን ነበር።

ከሳምንት በኋላ ይኸው ሙክታር እየሮጠ ገባ። «እትዬ ያለም፣ ይህን ማሽን የሠራው ካምፓኒ ከገበያ ወጣ! ከእንግዲህ ማሽን አልሠራም ብሏል፤ አሁን በሬዲዮ ሰማሁ።» በዚያው ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ሁለተኛውን ረድፍ ሳይጨርስ ጥፍት አለ።

ይህ መገጣጠም በሌላ አገር ሳቅ ይሆን ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን ማስረጃ ሆነ። እኛ ከሩቅ አገር የሚመጣ ነገር የሚናገርበት ዕቃ የምናውቀው ሬዲዮን ነው፤ ጣቢያው ሲዘጋ ሬዲዮው ዝም ይላል። ጌሙም እንዲሁ ነው ተባለ። የቅኔ ተማሪው፣ በአማርኛ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፣ «ከወዲያ ዘግተውታል» አለ፣ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ታዲያ ሲዲው ውስጡ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ደንበኞቹ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በአግዳሚዎቹ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፣ ሙክታርም ነጠላ ቢጤ ትከሻው ላይ ጥሎ «አላህ ያጽናዎት እትዬ፣ ጥሩ ልጅ ነበር» አለ።

«አንተ መርዶ ነጋሪ! ያንተ ሬዲዮ ነው የገደለው፣ ዞር በልልኝ!»

እየሳቀች ነው የተናገረችው። ነገር ግን ለሆሣዕና ቁርስ ስናቀርብ፣ ፊቷን ወደ ምድጃው እንዳዞረች፣ «ትምህርት ሲዘጋ ወደ አባትሽ እንሄዳለን። ካምፓኒው ከወጣ እኔ ምን አደርጋለሁ?» አለችኝ። ደስታዬን ለመደበቅ ውኃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ።

በስቅለት ሰው ሁሉ ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እኔ ጉንፋን የያዛትን የሁለት ዓመት እህቴን እየጠበቅሁ ቀረሁ። እሷ ስትተኛ የማሽኑን ሙሉ አካል ለማየት አሰኘኝ፤ ለበርካታ ወራት የማውቀው ልብሱን ብቻ ነበር። አዝራሮቹን ፈትቼ ገፈፍኩት፣ መጨረሻውን ልሰናበተው ብዬም አበራሁት። ተነሣ። ተጫወትኩ። የፀሐዩ ብርሃን ከደፉ ተነሥቶ አግዳሚውን አልፎ ግድግዳው ላይ ሲወጣ ኳሱ ገና ይንከባለል ነበር። ጎኑን ዳሰስኩት፤ ለብ ከማለት በቀር ምንም አልሆነም። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ካምፓኒው ምንም አልዘጋም፤ እያፈነው ያለው የእናቴ ዳንቴል ነው።

አንድ ቃል ብናገር ከፋሲካ በኋላ ጌም ቤቱ ይከፈታል፣ አባቴም ትራስ ሆኖ ይቀራል። ከስግደት የሚመለሰው ሰው ድምፅ በመንገዱ ላይ ሲሰማኝ ማሽኑን አጠፋሁ፣ በችኮላ ልብሱን መልሼ አለበስኩት፣ ዝም አልኩ።

አባቴ ለፋሲካ መጥቶ ታሪኩን ሰማ። ወደ ማሽኑ ሄዶ እጁን ከዳንቴሉ ሥር አስገባ፣ ጥቂት አቆየው፣ አወጣውና «ካምፓኒው ከወጣማ ምን ይደረጋል» አለ። ይህ ሰው ስሌቱን ላላሳየ ተማሪ መልሱ ትክክል እንኳ ቢሆን ዜሮ የሚሰጥ ሰው ነበር።

ሐምሌ ላይ ሄድን። ከደብረ ወርቅ እስከ ግንደወይን ዝናቡ የአውቶብሱን መስኮት ሲገርፈው እናቴ ማሽኑን እስከ ልብሱ ጭኗ ላይ አድርጋ ትጓዝ ነበር። ሞጣ ስንደርስ ቡፌው ላይ አስቀመጠችው፣ እዚያው ቀረ፤ የስፌት መኪናዋንም አውጥታ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ጀመረች። ሥራ አላጣችም፣ አባቴም በየማታው እቤት ነበር፤ የተመኘሁትን ሁሉ አግኝቻለሁ። ግን አንገቷን ደፍታ የተማሪ ሱሪ ስትጠቅም ባየኋት ቁጥር ያ ቤት ሙሉ ጎረምሳ የሚያስነሣው «በቃ!» ትዝ ይለኝ ነበር። ሞጣ ውስጥ እንዲያ ስትጮህ አልሰማኋትም። እኔ ነኝ የዘጋሁባት እያልኩ አደግሁ፣ መጻሕፍት አነበብኩ፣ ስለ ሌሎች ሰዎች ስህተት መጻፍም ሥራዬ ሆነ።

እንግዲህ ባለፈው ፋሲካ፣ ናሆም አምስተኛውን ምክንያቱን ሲያስረዳኝ፣ እናቴ አዲስ የታጠበ ዳንቴል ይዛ ገባች። የልጁን ማሽን በሁለት እጇ ብድግ አድርጋ ዳንቴሉን ከሥሩ አነጠፈችና መልሳ አስቀመጠችው።

«እማማ፣ ላዩ ላይ አይሻልም? ለአቧራው» አላት ናሆም።

«ላዩ ላይ ከሆነ ይታፈናል። መተንፈሻው ጎኑ ላይ ነው፤ አታየውም?»

«መቼ ነው ይህን ያወቅሽው?» አልኳት።

«ሙክታር ትኩሳት አለው ባለ ማግሥት። አውልቄ ሞከርኩት፤ ደኅና ነበር።»

«ታዲያ ለምን መልሰሽ አለበስሽው?»

የዳንቴሉን ጠርዝ እያስተካከለች መለሰችልኝ። «መስከረም ላይ በአገሩ ሁሉ ፊት የመንግሥት ንብረት ነኝ ወይ ብዬ፣ መጋቢት ላይ ምን ብዬ ልከተለው? እያሰብኩ ሳለ ካምፓኒው ደረሰልኝ።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺም ብትሆኚ ዝም ብለሻል። ስቅለት ዕለት ገበሩን ወደ ውጭ አድርገሽ ነው ያለበስሽው።»

«አባዬስ?»

«እሱማ ሒሳብ ያውቃል» አለችና ሳቀች። አባቴ ካረፈ ወዲህ ስለ እሱ ስታወራ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም ነበር።

ስለዚህ ቢቸና ላይ ጌም ቤት የተዘጋው ገበያ ጠፍቶ አይደለም፣ ኩባንያ ወጥቶም አይደለም፤ ሦስት ሰዎች በአንድ ቤት ውስጥ እየተያዩ ዝም ስላሉ ነው። በናሆም ዘጠኝ ምክንያቶች ውስጥ እንዲህ ያለውን አላገኘሁም። በአንድ ነገር ግን ዛሬ ሁላችንንም የበለጡን የቢቸና ደንበኞች ናቸው። «ከወዲያ ዘግተውታል» ብለው የተሳሳቱት ስህተት አሁን እውነት ሆኗል፤ የእኛ ማሽን ሠሪው ከገበያ ከወጣ በኋላ ለሠሪው ማንነት ግድ ሳይሰጠው ይሠራ ነበር፣ የናሆም ግን በየጊዜው ከሩቅ ፈቃድ ካልመጣለት አይነሣም፣ የገዛውም ጨዋታ ኩባንያው ከወጣ አብሮ ሊወጣ ይችላል። ልጁ የኩባንያዎቹን መግባትና መውጣት እንደ አየር ሁኔታ የሚከታተለው ለካ ወዶ አይደለም።

«እማማ፣ ነይ አንድ ጨዋታ እንጫወት» አላት፣ ጆይስቲኩን አቀበላት፣ እሷም ጎኗ አስቀምጣው ኪሮሿን አነሣች። ማሽኑ ከካምፓኒው የሚያወርደው ነገር እንዳለ ጽፎ ቆመ። እናቴ የመጀመሪያውን ረድፍ ጨረሰች፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚሞላው መስመር ገና ግማሽ ነበር። ሁለተኛውን ጨርሳ፣ እንደ ድሮው «በቃ» ልትል ቀና አለች፤ ጨዋታው ግን ገና አልተጀመረም ነበር።