ለመኪናችን የተሠራው በር

በር መምረጥ እንዲህ ያስጨንቃል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ግን ደብረ ማርቆስ ውስጥ በር የሚያሠራው ሰው ሁሉ የተረጋጋ፣ እኔ ብቻ ያበድኩ ይመስለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ በየቅያሱ እየዞርኩ የሰው በር አያለሁ። ቆሜ ማጠፊያ እመረምራለሁ። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ብቅ ብላ "ማንን ፈልገሽ ነው?" ስትለኝ "በሩን" ብዬ መለስኩላት። ጠርቅማብኝ ገባች።

ነገሩ የመኪና ይመስላል እንጂ የእናቴ ጉዳይ ነበር። እናቴ ከሮብ ገበያ ወዲያ ካለው አገሯ እኛ ዘንድ የመጣችው ልቧ ስለደከመ ነው። ሐኪሙ "ትንፋሽ ሲያጥራት ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት፤ በእግሯ ግን አቀበት እንዳትወጣ" ብሎናል። የግቢያችን በር ደግሞ ሰው አንድ በአንድ የሚያስገባ ትንሽ የቆርቆሮ በር ነው። መኪናችን የምታድረው ከቅያሱ በላይ፣ አስፋልቱ ዳር ነው። ባመማት ቁጥር እኔና ባለቤቴ በወንበር ተሸክመናት ጭቃውን እንወጣለን። እኔ ከኋላ ሆኜ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ሁለት ጊዜ እንደዚያ ሄድን። በሦስተኛው እንደማንደርስ እርግጠኛ ነበርኩ። ስለዚህ አጥሩን አፍርሰን፣ ለመኪናዋ ማደሪያ ሠርተን፣ ትልቅ በር ልናስገባ ወሰንን።

አስፋልቱ ዳር ብረት የሚበይደው በያጅ ሦስት ዓይነት በር አሳየኝ። የመጀመሪያው አገሩ ሁሉ የሚያሠራው ባለ ሁለት ተከፋች የላሜራ በር ነው። ወደ ውጭ ሲከፈት ቅያሱን ይዘጋል፤ ወደ ውስጥ ሲከፈት ደግሞ ግቢያችን አጭር ስለሆነ የመኪናዋን አፍንጫ ይመታል ብዬ ፈራሁ። ሁለተኛው በሀዲድ ላይ ወደ ጎን የሚንሸራተት ነው። ቦታ አይፈጅም፤ ግን የእኛን ቅያስ ጭቃ የሚያውቅ ሰው ሐምሌ ላይ ያ ሀዲድ ምን እንደሚመስል ያውቃል። እናቴ ትንፋሽ አጥሯት እኔ በማንኪያ ጭቃ ስጭር ታየኝ። ሦስተኛው እንደ ሱቅ በር ወደ ላይ የሚጠቀለል ነው። በመብራት ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋ በሰንሰለት ይሳባል። መብራት ደግሞ እኛ ሰፈር ደመና ሲያይ ይጠፋል።

ባለቤቴ "የትኛውም ይከፈታል እኮ" አለኝ። እንዲህ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ይከፈታል! መቼ? በስንት ደቂቃ? እሱ ጉዳይ ሁሉ በጊዜው ይደርሳል ብሎ የሚያምን ሰው ነው፤ የሁለታችንንም ጭንቀት የምጨነቀው እኔ ነኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሦስቱን በሮች ደብተር ላይ ስዬ ለእናቴ አሳየኋት። የሚጠቀለለው ላይ ጣቷን አሳረፈች።

"ይኼ ሲከፈት ከላይ እሚቀር ነገር አለው?"

"ትንሽ ይቀራል። መኪናዋን ግን አይነካም።"

"መኪናዋን ተያት። ሳጥን በትከሻው የተሸከመ ሰው ቀጥ ብሎ ይወጣበታል ወይ?"

"እማዬ!"

"ምን እማዬ ትይኛለሽ? አባትሽን በዚች በር እንዴት አርገው እንዳወጡት አይተሻል። እንደ ቁም ሣጥን አጋደሉት። እኔ እንደዚያ አልወጣም።"

አባቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሕክምና መጥቶ እኛ ቤት ነው ያረፈው። ሰዎቹ "ዝቅ በል፣ ትንሽ ወደ ግራ" እየተባባሉ ሳጥኑን በትንሿ በር ሲያጋድሉት እሷም እኔም ቆመን አይተናል። ከዚያ ወዲህ አንስተነው አናውቅም።

ደብተሩን ዘጋሁት። ከዚያም ጮህኩባት፤ ልቧ ደካማ ነው የተባለች ሴት ላይ ጮህኩ። "እኔ አንችን ለማዳን በር እፈልጋለሁ፣ አንች ለሞትሽ ታማርጫለሽ!" አልኳት። በማግስቱ ሄጄ የሚጠቀለለውን አዘዝኩ። ምክንያቴን ለማንም አልተናገርኩም። ሳጥን የማያስወጣ በር ካሠራሁ ሳጥን የማይመጣ መስሎኝ ነው። የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቢሆንም እንደዚያ አሰብኩ።

በሳምንቱ በያጁ ለአንድ ነጋዴ የሠራውን ተመሳሳይ በር ሊያሳየኝ ጠራኝ። ማንሻውን እንደተጫነው መብራት ጠፋ። በሩ እወገቡ ላይ ደርሶ ቆመ። ሰንሰለቱን ሲስበው እምቢ አለው። "አዲስ ስለሆነ ነው፤ ሲሠራበት ይላላል" እያለ በሥሩ ጎንበስ ብሎ ወደ እኔ ወጣ። ጀርባው ሲጎብጥ አየሁት። እናቴን በወንበር ተሸክመን በዚያ ሥር ስንጎብጥ ታየኝ። ያ ሌላው መውጫዋም ታየኝ፤ ዓይኔን ብጨፍንም አልጠፋልኝ አለ።

"ተወው" አልኩት። "ባለ ሁለት ተከፋቹን ሥራልኝ። ወደ ውስጥ የሚከፈት።"

"ስፋቱስ? ለመኪናሽ ሦስት ሜትር ይተርፈዋል።"

"ሦስት ተኩል አድርገው።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ከላይ የሚያያይዝ ብረት ላግባበት?"

"አታግባ። ከላይ ክፍት ይሁን።"

ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና "እሽ መምህርት፣ ገብቶኛል" አለ። ምን እንደገባው አልጠየቅኩትም። በሩ ሲከፈት መኪናዋን እንዳይመታ ባለቤቴ የማገዶ ቤቱን አፈረሰልኝ።

በሩ የተተከለው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቀለም ሲቀባ ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር በያጁ ቀለሙ እንዳይበላሽ ትልቅ ሸራ ከአጥሩ እስከ ቤቱ ጣሪያ ወጠረበት። እስኪደርቅ ድረስ ሁለቱም ክንፎች ወለል ብለው ተከፈቱ። እኔ ደግሞ ሠራተኞቹ ተቀምጠው ምሳ እንዲበሉ ብዬ ሁለት አግዳሚ አውጥቼ ከሸራው ሥር ደረደርኩ። የእናቴን መታመም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ወለል ያለ በር፣ ሸራ፣ አግዳሚ። ያንን ሁሉ ቀን ስለ በር ስጨነቅ ከርሜ ይኼን አላየሁትም።

ወጥ ቤት ሽሮ እያማሰልኩ ሳለ ከቅያሱ "ወይኔ እማማ! ወይኔ ሳልሰናበትዎ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። ማማሰያውን እንደያዝኩ ወጣሁ። ታችኛዋ ጎረቤታችን ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች በአዲሱ በር ትገባለች። ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች፣ ከእነሱ ኋላ ጋቢ የለበሱ የእድራችን ሰዎች። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ተሳስተዋል የሚል አልነበረም። እናቴ ሞታ እነሱ ሰምተው እኔ ሳልሰማ የቀረሁ ነው የመሰለኝ። ወደ ክፍሏ ሮጥኩ።

አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ታዳምጣለች።

"ማን ሞተ?" አለችኝ።

ልቧ አሁን፣ እዚሁ ፊቴ ቀጥ ይላል ብዬ እጇን ጨበጥኩ። "ማንም አልሞተም። በሩን አይተው ነው።"

ጥቂት አሰበች። "እኔን ነው እሚያለቅሱት?"

"አንችን ነው።"

"እስቲ ደግፊኝ።"

ትደነግጫለሽ፣ ይቅርብሽ ብላት አልሰማችኝም። እጇን እንደያዝኩ ደፉ ላይ ስንደርስ ለቅሶው ባንድ ጊዜ ቀጥ አለ። የጎረቤታችን እጅ ደረቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ "ኧረ እኔ ልሙትልዎ!" ብላ መሬት ላይ ዝርግፍ አለች። ሌላዋ አማተበች። አንድ የእድር ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሸራው ነው ያሳሳተን እያሉ ይቅርታ መጠየቅ ጀመሩ። በያጁ ብሩሹን ይዞ አንገቱን ደፍቷል። እኔ የማያት ከንፈሯን ብቻ ነው፣ ይጠቁር እንደሆነ። ሰዎቹ በኀፍረት አንድ በአንድ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ያዙ።

"የት ትሄዳላችሁ?" አለች እናቴ። ትንፋሿን ሰበሰበች። "ውጡና እንደገና ግቡልኝ። ስትገቡ እኮ አላየሁም።"

እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ አዩ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉና ቀድመው ወጡ፤ ሌሎቹ ተከተሏቸው። ወንበር ሳብኩላት፤ ተቀመጠች።

ተመልሰው ገቡ። አራት አራት ሆነው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ በበሩ ሙሉ ስፋት ገቡ። አንድም ሰው አልጎበጠም፤ አንድም ትከሻ ብረቱን አልነካም። እናቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያንዳንዱን በዓይኗ ተቀበለች። ፊቷ ላይ ፍርሃት ብፈልግ አጣሁ።

"እጄን ልቀቂኝ ልጄ" አለችኝ ዞር ሳትል፣ "አሳመምሽኝ።"

ትንሽ ቆይቼ ለቀቅኳት።