ነጥብ የመሰሉ ቀስቶች

ክው ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ አሶሳ፣ ቢሮዬ ውስጥ፣ ማውስ በእጄ እንደያዝኩ ነው። ከዚያ በፊት ደነገጥኩ ስል የኖርኩት ሁሉ ድንጋጤ አልነበረም።

ሥራዬ ከመሬት በታች ያለ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ በኮምፒውተር ማሳየት ነው። ከየጉድጓዱ የተለካውን የውሃ ከፍታ አስገባለሁ። ኮምፒውተሩ ያሰላና መሬቱን በስሪዲ ያወጣዋል፤ እንደ ተቆረጠ ዳቦ ጎኑም ውስጡም ይታያል። በውስጡ ትናንሽ ቀስቶች ይበተናሉ። ቀስቱ የዞረበት ውሃው የሚሄድበት ነው፤ ረጅሙ ቀስት ፈጣን፣ አጭሩ ዘገምተኛ ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እኔ ግን በእነዚህ ቀስቶች ስንት ጊዜ ተናድጃለሁ! ካበዛኋቸው እንደ ጉንዳን ይርመሰመሱና ምንም አያሳዩም፤ ከቀነስኳቸው ደግሞ ዋናው ነገር በመሃላቸው ሾልኮ ያመልጣል።

የዚያን ቀን የምሠራው ወደ መንጌ በሚወስደው መንገድ ያለውን አካባቢ ነበር። የተወለድኩበት መንደርም እዚያው ነው። መንደሩ መሃል የአባቴ ጉድጓድ አለ፤ ሲሞት በስሙ ያስቆፈርንለት። በእኛ ዘንድ ለሞተ ሰው ከሚሰጥ ሰደቃ ውሃን የሚበልጥ የለም። ሰው ከጉድጓዱ በጠጣ ቁጥር አጅሩ፣ ምንዳው፣ ለሟቹ ይደርሰዋል፤ ውሃው እስካለ ድረስም አይቋረጥም። እናቴ ከሐዘኗ የተነሳችው በዚህ እምነት ነው። መጀመሪያ በገመድ ነበር የሚቀዳው። ኋላ ግን በልጅነቷ ከወንዝ አሸዋ አጥባ በአሞራ ላባ አገዳ ውስጥ ያኖረችውን ወርቅ አውጥታ ሸጠችና በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ አስገባች። "ብዙ ሰው ይጠጣ፤ አባትሽም ብዙ ያግኝ" አለች። ከዚያ ወዲህ የጎረቤት መንደር ሴቶች ሳይቀሩ ጀሪካን ይዘው የሚመጡት ወደ እኛ ነው።

ምስሉን ከላይ ወደ ታች ነበር የማየው። ቀስቶቹ ከኮረብታው ወደ ሸለቆው በሥርዓት ይወርዳሉ። መንደራችን ላይ ሲደርሱ ግን ጠፉ፤ በቦታቸው ነጥብ ነጥብ ብቻ ቀረ። የክፍሉን ኃላፊ ጠራሁት። ወላጆቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው፤ እሱ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ንግግሩ ብቻ ወሎ የቀረ ሰው ነው።

"ነጥብ ከሆነማ ቀስቱ ዜሮ ነው፤ ውሃው ቆሟል ማለት ነው። እለፊው እቴ!" አለኝ።

ላልፈው ነበር። ነገር ግን የአባቴ ጉድጓድ ነውና እጄ አላስችል አለኝ። ምስሉን ወደ ጎን አዞርኩት።

ነጥቦቹ ነጥብ አልነበሩም። ቀጥ ብለው የቆሙ ረጃጅም ቀስቶች ነበሩ፤ ጫፋቸው ወደ እኔ ስለዞረ ነው ነጥብ የመሰሉኝ። ወደ ዓይን የተቃጣ ጦር ርዝመቱ አይታይም። ጭራቸውን እየተከተልኩ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከኮረብታው ማዶ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከሌላ ቦታ የመጡ ሰዎች ወርቅ በኬሚካል የሚያጥቡበት ኩሬ አለ። ቀስቶቹ ከኩሬው ሥር ይነሳሉ፣ በኮረብታው ሆድ ያልፋሉ፣ የአባቴ ጉድጓድ ሥር ሲደርሱ ቀና ብለው ይወጣሉ። ሁሉም። አንድም የሳተ የለም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል የወንዝ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

"ያ ረቢ!" ብዬ የጮህኩት እኔ መሆኔን ያወቅሁት ኃላፊው ሲደነግጥ ነው። የባሰውን ደግሞ ራሴ ፈልጌ አገኘሁት። ፓምፑን ከስሌቱ አወጣሁና እንደገና አሠራሁት። ቀስቶቹ ጉድጓዱን ትተው ወደ ሸለቆው ዞሩ። ፓምፑን መለስኩት፤ ተመልሰው መጡ። ደግሜ አወጣሁት፤ ደግሜ መለስኩት።

ለእናቴ ደወልኩ። "ከጉድጓዱ እንዳትጠጪ፤ ማንም እንዳይጠጣ" አልኳት። ሳቀች። "የአባትሽን ውሃ?" አለችና ሰው ተሰልፏል ብላ ዘጋችብኝ። ንድድ አልኩ፤ በእሷ ይሁን በቀስቶቹ አላውቅም።

በማግስቱ ከኃላፊው ጋር ሄድን፤ እሱ የናሙና ጠርሙስ፣ እኔ ላፕቶፕ ይዘን። መንገዱን ሙሉ "ይህ እኮ ስሌት ነው፤ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይመጣ ጉድጓድ እናሽግ ብንል ሕግም ሰውም አይሰማንም" ሲለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ውጤቱ ከዚያ ቀን በኋላ ዘግይቶ መጣ፤ ቀስቶቹ አልዋሹም።

እናቴ ማንጎው ሥር አንገረብ አልጋዋ ላይ አስቀመጠችን። እሷና እኔ በቤርታ ነው የምናወራው፤ ለእንግዳው ስትል ግን በዚያች በገበያ አማርኛዋ ጀመረች። ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አደረግሁላትና ኩሬውን፣ ኮረብታውን፣ ጉድጓዱን፣ በመሃል የሚያልፉትን ቀስቶች አሳየኋት። የፓምፑን ነገር ላለማንሳት መኪና ውስጥ ወስኜ ነበር። ውሃው ተበክሏል ማለት ይበቃል፤ ያመጣው የራሷ ወርቅ መሆኑን ብታውቅ ምን ይጠቅማታል?

ብዙ ቆይታ አየችው። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረች።

"አንተ ልጄ፣ ይሄ ውሃ ድሮ ወዲህ አይመጣም ነበረ?"

"አይመጣም ነበር፣ እማማ።"

"በገመድ እንቀዳ ጊዜ፣ አይመጣም?"

ኃላፊው እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

"ማሽን ሳበ፣ መጣ?" አለች። "እኛ ነው የጠራ?"

መዋሸት አቃተኝ። "አዎ፣ እናቴ" አልኳት በቤርታ።

ትጮሃለች ብዬ ነበር፤ ለጩኸቷ ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት። እሷ ግን ላፕቶፑን ቀስ አድርጋ ሰጠችኝና ተነሳች። ወደ ጉድጓዱ ሄዳ ፓምፑን አጠፋችው። የተሰለፉት ሴቶች ተንጫጩባት፤ ውሃው እንዲህ ኩልል ብሎ እየታየ ምን ነካሽ አሏት። የሞሉትን ጀሪካኖች እያነሳች መሬት ላይ ደፋቻቸው፤ አንዷ እጇን ስትይዛት እንኳ አላቆመችም። ኃላፊው "ውጤቱ ሳይመጣ…" ብሎ ጀመረና ተወው።

ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ ወደ እኔ ተመለሰች። ፊቷ የማላውቀው ሰው ፊት ሆነብኝ። አማርኛውን ትታው በቋንቋችን፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማት በሚመስል ድምፅ ጠየቀችኝ።

"ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለአባትሽ ስንልክለት የቆየነው ምንድን ነው?"