በአባት ማሳ ላይ የተካሄደ የበጎ ፈቃድ ዘመቻ

ወንዳወቅ በፍኖተ ሰላም በሚማርበት ኮሌጅ ያልገባበት ክበብ ቢኖር የነፍሰ ጡሮች ክበብ ብቻ ነው፤ እሱም እስካሁን ስላልተቋቋመ ነው። በሥነ ጽሑፍ ሰብሳቢ፣ በአካባቢ ጥበቃ ምክትል ሰብሳቢ፣ በፀረ ሙስና አስተባባሪ፣ በበጎ ፈቃድ ክበብ ደግሞ ፕሬዚዳንት ነው። ተራ አባል የሆነበት ቦታ የመማሪያ ክፍሉ ብቻ ነው፤ እዚያም አዘውትሮ አይገኝም። የክበብ ካኒቴራ እንጂ የራሱ ሸሚዝ እንዳለው ያየ የለም። ሦስት ሰዎች ጥላ ሥር ቆመው ካየ ጠጋ ብሎ «አጀንዳው ምንድን ነው?» ይላል።

ለጓደኞቹ የቡሬ ከተማ ልጅ ነኝ ብሏቸዋል። አባቱን በመጀመሪያው ዓመት ባለሱቅ፣ በሁለተኛው ዓመት ጅምላ ነጋዴ አደረጋቸው። ትምህርቱ አንድ ዓመት ቢረዝም ኖሮ አስመጪና ላኪ መሆናቸው አይቀርም ነበር።

አባትየው አያ ተስፋው ግን ከማንኩሳ ወደ ቡሬ ሲኬድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗል፤ ልጃቸው ወንዳወቅ ብቻ ነው። በዚያ አገር የሚታጨደው በወንፈል ነው፤ ዛሬ ጎረቤት ካንተ ማሳ ይውላል፣ ነገ አንተ ከእሱ ማሳ ትውላለህ። አያ ተስፋው ጉልበታቸው ካበጠ ወዲህ ከሰው ማሳ ሄደው ብድሩን መመለስ አቃታቸው። ውጡ ያላቸው የለም፤ ጎረቤቶቹ በትሕትና ብቻ መጥራት ተዉአቸው። ስለዚህ በኅዳር መግቢያ ለልጃቸው ደወሉ።

«ጤፉ ደርሷል ልጄ። ሰማዩ ደግሞ ፊቱን አጥቁሯል። ሁለት ቀን ብትመጣልኝ?»

«አባዬ፣ ፈተና ላይ ነኝ።»

«እንግዲያ ትምህርትህን ያዝ። ጤፉ የትም አይሄድ።»

ፈተና የሚባል ነገር አልነበረም። የክበባት ቀን ስለነበር መድረክ ይመራ ነበር።

በሳምንቱ የበጎ ፈቃድ ክበቡ ጸሐፊ ሰብሊ ወረቀት ይዛ መጣች። «ከቀበሌ የሦስት አቅመ ደካማ ገበሬዎች ስም ተልኮልናል። የማንኛቸውን እንጨድ?»

ወንዳወቅ ለሚቀጥለው ሳምንት የክበብ ምርጫ የጻፈውን ንግግር እያረመ ነበር። «የመጀመሪያው ይሁን» አለና ሳያነብ ፈረመ። ማኅተሙንም ራሱ መታው፤ ማኅተም መምታት ይወዳል።

ታቦት በሌለበት ሐሙስ ሠላሳ ተማሪ አይሱዙ ላይ ተጭኖ እየዘፈነ ወጣ። ፕሬዚዳንቱ ጋቢና ተቀምጦ ስልኩ ላይ ንግግር ይጽፋል። መኪናው ከአስፋልቱ ወርዶ መንገጫገጭ ሲጀምር ቀና አለ። ፊት ለፊቱ ያለችው ሾላ፣ ልጅ እያለ ወድቆ ክንዱን የተሰበረባት ሾላ ናት።

«ሰብሊ» አለ፣ «የገበሬው ስም ማን ነው?»

«አንተ አይደለህ እንዴ የፈረምከው? አያ ተስፋው ይባላሉ።»

ማሳው ዳር የጠበቃቸው ስመኘው ነበር፤ የአያ ተስፋው ጎረቤትና የቀበሌው ተወካይ፣ ወንዳወቅንም በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገ ሰው። ካኒቴራውን፣ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ባጅ፣ ነጭ ጫማውን በየተራ አየለት።

«የክበቡ አለቃ እርስዎ ነዎት?» አለው። «ደህና መጡ። መንገዱ አልጠፋዎትም?»

ወንዳወቅ መሬቱን አየ። አያ ተስፋው በምርኩዝ እያነከሱ መጡ። ልጃቸውን አዩ፤ ፊታቸው ሊፈታ ሲል ከኋላው ያሉትን ሠላሳ ተማሪዎች አዩና ጠበቁት። አንድ ቃል ነበር የሚጠብቁት። እሱ ግን ለባለሥልጣን እንደሚያደርገው ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ።

«እንደምን አደሩ፣ ገበሬ?»

አያ ተስፋው የተዘረጋውን እጅ ጨበጡ። «እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንደምን አደሩ፣ ጌታዬ?»

የገዛ አባቱ አንቱ ሲሉት የወንዳወቅ ጆሮ በርበሬ መሰለ። ቢሆንም ባነሩ ተዘረጋ፣ ንግግሩ ተነበበ፣ ተጨበጨበ።

አጨዳው ተጀመረ። ተማሪው ማጭዱን እንደ ማይክ ይዞ በአንዲት ነዶ ሠላሳ ፎቶ ተነሣ። ወንዳወቅም እንደ ከተማ ልጅ ሊንገዳገድ አስቦ ነበር፤ እጁ ግን ፈቃድ አልጠየቀውም። ቁጢጥ ብሎ ጤፉን በግራው ጭብጥ፣ በቀኙ ሸርተት እያደረገ፣ ሌሎቹ ወገባቸውን ሳያቀኑ ግማሽ ማሳ ተሻገረ።

«ፕሬዚዳንት» አለች ሰብሊ፣ «ቡሬ ላይ ጤፍ የሚበቅለው አስፋልቱ ላይ ነው እንዴ?»

ሁሉም ሳቀ። አያ ተስፋው ከጥላ ሥር ሆነው፣ «ተዪው ልጄ» አሏት። «ያስተማረው ሰው ቢኖር ነው።»

ምሳ ሰዓት ላይ ሰብሊ የተረጂዎችን ቅጽ አወጣች። ዕድሜ ጠየቀች፣ የማሳውን ስፋት ጠየቀች፤ ከዚያ፣ «ጉልበት ያለው ልጅ አለዎት?» አለች።

ስመኘው ሳል ያዘው። ወንዳወቅ ነዶ ማሰሩን ተወ። አያ ተስፋው ሰማዩን አዩ፤ ልጃቸውን ላለማየት ነው።

«የለኝም ብለሽ ጻፊ።»

ብዕሩ ወረቀቱን ሊነካ ሲል ወንዳወቅ «አለ» አለ። መድረክ ላይ ከሠላሳ ሜትር የሚሰማው ድምፁ በቅጡ ስላልተሰማ ደገመው። «አለ። ወንዳወቅ ብለሽ ጻፊ። አባቴ ናቸው።»

አንድም ሰው አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለው ነበር፤ ሠላሳ ሰው የሚያኝከውን አቁሞ ጫማ ጫማውን ያይ ጀመር። ሰብሊ ቅጹን አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ወንዳወቅ አባቱ እቅፍ ያደርጉኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። እሳቸው ግን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀረብ አሉት።

«ማን ጠየቀህ?»

«አባዬ፣ እኔ...»

«ልጅ የሌለው ሰው ያሳዝናል እንጂ አያሳፍርም። ልጅ እያለው በሰው ልጅ የሚያሳጭድ ግን ምን ይባላል? አንተ ቀለል አለህ፣ እኔን ግን አዋረድከኝ።»

ተማሪዎቹ ከዚያ በኋላ ያለ ዘፈን አጨዱ፤ የበጎ ፈቃድ ክበቡ ከተመሠረተ እንደዚያ ቀን ሠርቶ አያውቅም ይባላል። አሥር ሰዓት ላይ ማሳው አልቆ አይሱዙው ሲነሣ ወንዳወቅ አልተሳፈረም። ሰብሊ ከላይ ሆና፣ «ምርጫውስ?» ስትለው እጁን ብቻ አወዛወዘላት።

በማግሥቱ ማጭዱን ይዞ አባቱ ፊት ቆመ። «ምን ልሥራ?»

«የእኔ ታጭዷል። የስመኘው ማሳ ግን ገና ነው፤ ወንፈሉ ዛሬ እዚያ ይውላል። እዚያ ሂድ።»

«ሁሉም እዚያ ይሆናሉ እኮ፣ አባዬ።»

«ለዚያ ነው ሂድ ያልኩህ። በእኔ ቦታ ግባ። ወንፈል የማይጠራው ሰው ሆኜ ልሙት?»

ሄደ። አሥራ ሁለት አጫጅ ቀና ብሎ አየው። ሁሉም ነገሩን ሰምቷል፤ እዚያ አገር ወሬ ከአይሱዙ ይቀድማል። አንድ በአንድ ጤናውን፣ የአባቱን ጉልበት፣ የከተማውን ሰላም ጠየቁት፤ የትናንቱን ግን ማንም አላነሣም። ይህ ከስድብ ሁሉ ከበደው። ስመኘው መሐሉ ላይ ቦታ ለቀቀለት። ወንዳወቅ ቁጢጥ ብሎ ማጨድ ጀመረ። አጨዳ አንድ ደግነት አለው፤ ሰው ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ቢውል፣ ምን ሆነህ ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም።