ዘፈን የእንግዳ ነው

አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ የታክሲያቸውን የኋላ ስፒከሮች አስነቅለው ትልልቅ አዲስ ሲያስገጥሙ፣ የሚንኮሻኮሹትን የፊቶቹን አልቀየሯቸውም፤ ጭራሽ ዘጓቸው። «ለራስዎስ?» ስላቸው «ሹፌር መንገዱን ይመልከት፤ ዘፈን የእንግዳ ነው» አሉኝ።

እንግዶቻቸው በየማለዳው ከስደተኞቹ ሰፈር ከበሳቲን ሀብታሞቹ ሰፈር ኮርማክሳር ድረስ፣ ዓረብ ቤት ሥራ የሚያደርሷቸው የወሎ ሴቶች ነበሩ። ከኋላ ጭብጨባው ሲቀልጥ የኬላው ወታደር «ሰርግ ነው?» ይላል። «ሥራ እየሄዱ ነው!» ይሉታል አጎቴ፣ ኮራ ብለው።

አሁን ታክሲውን የምነዳው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን ሴቶቹ በእሳቸው ወንበር ሲያዩኝ ዝም አሉ። ኋላ አንዷ «ኧረ ክፈተው፣ አጎትህ ዝምታ አይወዱም» አለችኝ። ከፈትኩት። ዘፈኑ ከሳቃቸው ጋር ተደባልቆ ከጀርባዬ መጣ።

ለካ አጎቴ ምርጡን ወንበር ለራሳቸው ነበር ያስቀሩት!